ስለ ፈዝ ፔዳልና ስለ ሣጥኑ፦ በቆላ አገር ሊታረም የሚገባው

የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ አወፍሮና አሻክሮ የሚያወጣው ፈዝ የተባለው የእግር መሣሪያ፣ በሆዱ የሚይዘው ጥቂት ጥቃቅን ዕቃዎችን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ስለ እርሱ የሚነገረው ተረት ግን ከዕቃው ቍጥር እጅግ ይበዛል። ተረቱም በአመዛኙ የተወለደው በቀዝቃዛ አገር ስለ ሆነ፣ በመተማ ዮሐንስ፣ በገንደ ውሃ ወይም በቋራ ተቀምጦ ፔዳሉን በገዛ እጁ ለመሥራት የሚነሣ ወጣት፣ የሰማውን ሁሉ ሳይመረምር ቢቀበል ድካሙንም ገንዘቡንም በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ያጣዋል።

አስቀድሞ የሚሰማው፣ ይህ ድምፅ የመሣሪያ ብልሽት እንጂ ዜማ አይደለም፣ ለጆሯችንም ባዕድ ነው የሚለው ነው። ብልሽት መባሉ በታሪኩ መነሻ እውነት አለው፤ በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» የተባለ ዘፈን ሲቀረጽ የባስ ጊታሩ ድምፅ የሚያልፍበት መሥመር ተበላሽቶ ነበርና፣ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ያንኑ ብልሽት በትራንዚስተር አስመስሎ ካበጀው በኋላ፣ ጊብሰን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ማይስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አውጥቶታል። ባዕድ የሚለው ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው። የበገና ደርዳሪ በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባለውን የቆዳ ቍራጭ የሚያስገባው፣ አውታሩ ቆዳውን እየነካ እንዲነዝርና በአንዱ ድምፅ ላይ ብዙ ረቂቃን ድምፆች እንዲደረቡበት ብሎ ነው፤ እንዚራው ከስፍራው ጥቂት ፈቀቅ ቢል ያ ግርማ ይጠፋል። ትራንዚስተሩም በመንገዱ ይለይ እንጂ በፍሬው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የጊታሩን ሞገድ ከልክ በላይ አሳድጎ አናቱንና እግሩን ሲቈርጠው ከቍርጡ ረቂቃን ድምፆች ይወለዳሉ። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር እየሰማ ያደገ ጆሮ እንግዲህ ለዚህ ንዝረት ባይተዋር ሊባል አይገባውም። መሣሪያን በእጅ ማበጀትም ቢሆን የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ከገላባት ወዲያ በሱዳን፣ የፖርት ሱዳኑ ኑሪ የጊታርን አንገት ታምቡር ከተባለው ባለ አውታር መሣሪያ ጋር አዋሕዶ በሠራው መሣሪያ የቤጃን ዜማ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ አልበም ለዓለም አሰምቷል።

ከሁሉ ይልቅ የቆላውን ሰው የሚጎዳው ተረት፣ እውነተኛ ፈዝ ከጀርማኒየም ትራንዚስተር በቀር አይገኝም የሚለው ነው። የዚህ እምነት ሥር፣ አርቢተር የተባለው የለንደን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ፈዝ ፌስ ነው፤ ይህ ፔዳል በመጀመሪያ በ2 የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ይሠራ ስለ ነበርና ስመ ጥሩ ጊታር መቺዎች ስለ ተጠቀሙበት፣ ማዕድኑ ራሱ ተአምር አድራጊ ሆኖ ተቈጠረ። ነገር ግን ጀርማኒየም በጠባዩ ሙቀትን አይታገሥም። ትራንዚስተሩ ተዘግቶ ሳለ እንኳ በውስጡ ሾልኮ የሚያልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ አለ፤ ይህም ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቍጥር በግምት እጥፍ ይሆናልና፣ በ20 ዲግሪ የተስተካከለ ፔዳል ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የመተማ ቀትር ከ4 እጥፍ በላይ ይሾልክበታል። ነገሩን በዐይኑ ማየት የሚሻ፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በመሬቱ ሽቦ፣ ሌላውን በሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር በተባለው እግር ላይ አሳርፎ ይመልከት፤ በ9 ቮልት ባትሪ 4.5 ቮልት ገደማ ላይ መቆም የሚገባው ቍጥር፣ ትራንዚስተሩን በሁለት ጣት ጨብጦ ሲያሞቁት እንኳ ከስፍራው ይንሸራተታል። ቍጥሩ ሲንሸራተት ድምፁም ይታነቃል፤ ረዝሞ ሊጮኽ የሚገባው ቃናም ከመካከሉ ይቋረጣል። በሲሊከን ትራንዚስተር ይህ ሹልክታ እጅግ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ፔዳሉ ጠዋት የተቃኘውን ያህል ቀትርም ላይ ይጸናል፤ ሲሊከን ድምፁን ይሰነጥቀዋል ለሚለው ክስም፣ በኮሌክተሩና ቤዝ በተባለው እግር መካከል ከ100 እስከ 470 ፒኮፋራድ የሚሆን ካፓሲተር መበየድ በቂ መልስ ነው። በእኔ ግምት የመተማ ሰው ሲሊከንን ቢመርጥ ያገሩን ጠባይ ማወቁ ነው።

ሊያልቅ የተቃረበ ባትሪ ድምፁን ያለዝባል የሚለው በከፊል እውነት ስለ ሆነ ብዙ አያከራክርም። የብረቱ ሣጥን ድምፁን ያወፍረዋል የሚለው ግን መሠረት የለውም፤ ድምፁ የሚሄደው በሽቦ እንጂ በሣጥኑ ግድግዳ አይደለምና። የሣጥኑ ተግባር ከመብራት መሥመር በአየር የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ መከልከል ሲሆን፣ ይህንም የሚፈጽመው ከመሬቱ ሽቦ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ሊድ በተራ ካውያ በሣጥኑ አሉሚኒየም ላይ ስለማይዝ፣ ግንኙነቱ የሚሆነው የጊታሩ ገመድ በሚሰካበት ጃክ በኩል ነው፤ ስለዚህ ለጥንቃቄ ብሎ የሣጥኑን ውስጥ የቀባ ሰው፣ ጃኩ የሚያርፍበትን ዙሪያ በቢላዋ ጫፍ ፍቆ ብረቱን ካላወጣ፣ መከላከያውን በገዛ እጁ ሽሮታል።

ወደ ውጭው ቀለም ስንመጣ፣ አሉሚኒየም እንደ ብረት ስለማይዝግ ያለ ዝግጅት ቢቀባ ግድ የለም ይባላል። ነገር ግን አሉሚኒየም አየር በነካው ቅጽበት እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ይለብሳል፤ ከዝገት የሚጠብቀው ይኸው ልብስ ለቀለም መያዣ አይሰጥም። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተበስተው ካለቁ በኋላ፣ ሣጥኑ በሳሙና ታጥቦ፣ በቍጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ተፈትጎ፣ አቧራው በቲነር ተጠርጎ፣ ለአሉሚኒየም ተብሎ የተዘጋጀ የመነሻ ቀለም ሊቀባ ይገባዋል፤ ከዚያም ወዲያ በባዶ እጅ አይነካም፣ የጣት ወዝ የነካው ቦታ ቈይቶ ይላጣልና።

የመተማ ፀሐይ ቀለሙን ቶሎ ታደርቀዋለች የሚለው ደግሞ ብዙ ሥራ ያበላሻል። በቀትር የሚረጨው ቀለም ጠብታው ብረቱ ላይ ሳይደርስ በአየር መካከል ስለሚደርቅ እንደ አሸዋ ሻክሮ ያርፋል፤ ወፍሮ የተረጨ እንደ ሆነም ላዩ ቀድሞ ቆዳ ያወጣና ከሥር የታፈነው ቲነር መውጫ ሲፈልግ ያቈስለዋል። በክረምት ደግሞ ቲነሩ ሲተን የሣጥኑን ገጽ ስለሚያቀዘቅዝ፣ የአየሩ እርጥበት ያርፍበትና ቀለሙ ጉም የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ በበጋ ማለዳ፣ በጥላ ሥር፣ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን ውሃ አርከፍክፎ ስስ ስስ እያደረጉ ደጋግሞ መርጨት ይሻላል። ጥቁር ቀለም ለዕይታ ግርማ ቢኖረውም ፀሐይ ላይ ሲውል ሙቀትን ስለሚስብ፣ በተለይ ጀርማኒየም ያለበትን ሣጥን ነጭ ወይም ፈዛዛ ማድረግ ለድምፁም ይበጃል። በእንጀራ ምጣድ ላይ ማድረቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የቀለም ጢስ ከምግብ ዕቃ ጋር ሊገናኝ አይገባምና።

የመቆጣጠሪያዎቹን ስም፣ «ድምፅ»ና «ኀይል» የሚሉትን ቃላት፣ በመጨረሻው አንጸባራቂ ቀለም ላይ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ጽሕፈቱ የእግርና የእጅ ላብ ሲነካው ይፋቃል፤ ከአንጸባራቂው በፊት በማርከር ተጽፎ ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ የመጀመሪያው እርጭት ከሩቅ እንደ ካፊያ ብቻ ሊያርፍበት ይገባል፣ ወፍሮ የመጣ እንደ ሆነ ቲነሩ ቀለሙን አሟሙቶ ፊደሉን ያፈስሰዋልና።