ለወላጆችም ትእዛዝ ተሰጥቷል

በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ስለማስተምር ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች አብዝተው የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው፤ «እህታችን፣ እባክሽ መታዘዝን አስተምሪልን።» ተገቢ ልመና ነው። አባትና እናትን ማክበር ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ያዝዛል። ቁጥር 4 ላይ ሲደርስ ግን ፊቱን ወደ አባቶች ያዞራል፤ ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ፣ በጌታ ምክርና ተግሣጽ እንዲያሳድጉ ያዛቸዋል። ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ምክንያቱን ይጨምራል፤ የልጆቹ ልብ እንዳይዝል ነው።

ይቺን ቁጥር ስንቶቻችን እናስታውሳታለን? ዛሬም በቀበቶ የሚገረፍ፣ በበርበሬ የሚታጠን ልጅ አለ። ሰሌዳው ላይ ልጽፍ እጄን ሳነሣ ክርኑን ወደ ፊቱ የሚያነሣ ተማሪ አለኝ። ማንም ሊመታው አላሰበም፤ ገላው ግን ለምዶታል። ወላጆች መጽሐፈ ምሳሌን ይጠቅሱልኛል፤ በእርግጥ ስለ በትር ይናገራል። ሆኖም የመጽሐፉ የመጀመሪያዎቹ 9 ምዕራፎች በአብዛኛው አባት ልጁን የሚመክርባቸው ናቸው። በትሩን ይዘን ምክሩን መተው መጽሐፉን መታዘዝ አይደለም።

ስለዚህ ጉዳይ ከአበው ሁሉ በግልጽ የጻፈልን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይመስለኛል። በ4ኛው መቶ ዘመን በአንጾኪያ ተወልዶ ያደገ፣ ኋላም የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነ አባት ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተ ያሳደገችው በወጣትነቷ ባሏን ያጣች እናቱ ናት። ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሰት ልጅን ዘወትር መምታትን ይከለክላል፤ ዱላ የለመደ ልጅ ዱላን ይንቃልና። በምትኩ ታሪክ ንገሩት ይላል። ራቱን ከበላ በኋላ የቃየንና የአቤልን ታሪክ አባት ለሕፃን በሚገባ ቋንቋ ያውራለት፣ እናትም አብራ ትቀመጥ፤ በሌላ ምሽት ልጁ ራሱ መልሶ ይንገር። ያ ታሪክ በሚነበብበት ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይውሰዱት፤ የሚያውቀውን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

እኔም ቤት ይህ ይደረጋል። አንድ ማታ ልጄ ታሪኩን ራሱ ተርኮ ሲጨርስ፣ «ቃየን አቤልን ሲገድል እናታቸው የት ነበረች?» አለኝ። መጽሐፉ አይነግረንም። ስለዚህ ስለ ሔዋን አወራን፤ አንዱ ልጇ ሞቶ ሌላው ስለተሰደደባት እናት። እንቅልፉ እስኪመጣ ሌላ ነገር አላነሣም። እኅቱን ሲገፋት ያን ማታ አስታውሰዋለሁ፤ ይገባዋል።

ልጅ ሲያድግ ማክበሩ መልኩን ይቀይራል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ፣ ለወላጅ የሚገባውን ርዳታ «ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» ብሎ መከልከልን የሚፈቅዱትን ይገሥጻቸዋል። ወላጅን መጦር የክብሩ አካል ነው ማለት ነው። ከቤይሩትና ከጅዳ በየወሩ ብር የሚልኩ እኅቶቻችን ይህን ትእዛዝ በላባቸው ይፈጽማሉ። ነገር ግን ደመወዟ ሁሉ ወደ ቤት ሄዶ ልጅቱ ባዶ እጇን የምትመለስ ከሆነ፣ ወላጆቿ የ2ኛ ቆሮንቶስን ምዕራፍ 12 ያንብቡ፤ ጳውሎስ እዚያ ለልጆች ማከማቸት የሚገባቸው ወላጆች መሆናቸውን ይናገራል። ከላከችው ላይ ጥቂቱን በስሟ ማስቀመጥ የወላጅ ዕዳ ነው እላለሁ።

ይህን ሁሉ አባትና እናት ብቻቸውን እንዲሸከሙት ቤተ ክርስቲያናችን አልተወችም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስትጠመቅ ሕፃኑን የሚያቅፍ የክርስትና አባት ወይም እናት አለ። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል እሱን ተክቶ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። ያ ሰው ዋስ ነው፤ ልጁን እምነቱን ሊያስተምር ቃል ገብቷል። ዛሬ በብዙ ቤት ነገሩ በድግሱና በስጦታው ያበቃል፤ ክርስትና ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የማያውቅ ብዙ ነው።

የክርስትና ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ፣ በዚህ ሳምንት ደውሉለት። በመጪው እሑድም ከቤቱ ወስዳችሁ አብራችሁ አስቀድሱ።