የኪራይ ግብርና የሚያፈስ ጣሪያ



በመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሞላሌም ሆነ እርሷን በመሰሉ ከተሞች፣ በግቢው ያሉትን ሁለትና ሦስት ክፍሎች ለመምህር፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ወይም ከገጠር ለመጣ ተማሪ የሚያከራይ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሐምሌ ሲገባ ታዲያ አላህን የሚፈራ አከራይ እንዲህ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ «ሕጉ ለቤት ጥገና ብሎ የሚቀንስልኝን ሁሉ ልውሰድ? ወይስ ያላወጣሁትን ወጪ መውሰድ ሐራም ይሆንብኛል?»

በቅድሚያ ሕጉን እንወቅ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከጠቅላላው ኪራይ አንድ አምስተኛውን ለዕድሳት፣ ለጥገናና ለእርጅና ይቀንስለት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ይህንኑ ወደ 50 ከመቶ አሳደገው። ለዚህ ደረሰኝ አልጠየቀም፤ ደረሰኝ የሚጠየቀው መዝገብ ይዞ ትክክለኛ ወጪውን የሚያስቀንስ ነው።

ለምሳሌ አራት ክፍል እያንዳንዱን በወር በ500 ብር የሚያከራይ ሰው በዓመት 24,000 ብር ያገኛል። በ2008ቱ አዋጅ ምጣኔ ግማሹ ሲቀነስለት ግብሩ 480 ብር ነው፤ ባይቀነስለት 1,890 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 1,410 ብር ነው። የፌዴራሉ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ፣ ዘንድሮ የሚያሰላ ሰው በወረዳው የሚሠራበትን ምጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ይህን ቅናሽ መውሰድ ሐላል ነው። ሕጉ አውቆ የተወውን መቀበል ማታለል አይደለም። ሐራሙ ሌላ ቦታ ነው። በ500 ብር አከራይቶ በውሉ ላይ 300 ብር ማስጻፍ ውሸት ነው። ተከራዩንም የሐሰት ፈራሚ ያደርገዋል፤ ነገ ክርክር ቢነሳ እውነተኛውን ኪራይ የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም።

ነገር ግን ሐላል ነው ብለን የምንዘጋው ጉዳይ አይደለም። ሱረቱል ሙጠፊፊን ለራሳቸው ሲሆን ሙሉ አስፍረው ለሌላው ሲሆን የሚያጎድሉትን ታስጠነቅቃለች። በጥገና ስም ግማሹን ሙሉ በሙሉ የተቀነሰለት አከራይ፣ ተከራዩ «ጣሪያው ያፈሳል» ሲለው «ካልተመቸህ ልቀቅ» ካለ ከእነዚህ በምን ይለያል? ግብሩ የሚከፈልበት ሐምሌ ክረምቱ የሚበረታበት ወር ነው። በደጋው ብርድ ተማሪው ደብተሩን ከጠብታ የሚያሸሽበት ክፍል፣ ቅናሹ የተፈቀደለት ያው ክፍል ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ሕጉ የፈቀደላችሁን ሳታፍሩ ውሰዱ፤ ኪራዩን ግን እንዳለ አስመዝግቡ። ከቅናሹ የተረፈውን ለጥቂት ቆርቆሮና ሚስማር፣ ለግድግዳው ምርጊት አውሉት። ግብር መክፈልም ዘካን እንደማይተካ አትርሱ፤ ከኪራይ ተጠራቅሞ ኒሷብ የሞላና ዓመት የዞረበት ገንዘብ 2.5 ከመቶ የድሆች ሐቅ አለበት።

ወላሁ አዕለም።