ያውቁ ኖሯል? ለተዘጉ ሲኒማ ቤቶች የተሰጠው ድጎማ
የአሜሪካ ኮንግረስ በኮቪድ-19 ምክንያት ለተዘጉ ሲኒማ ቤቶች፣ ቴአትር ቤቶችና የሙዚቃ አዳራሾች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የ15 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ ማጽደቁን ያውቁ ኖሯል? በማርች 2021 ሌላ 1.25 ቢሊዮን ተጨመረበት። ገንዘቡ ብድር አልነበረም። አንድ ሲኒማ ቤት በ2019 ካገኘው ገቢ 45 በመቶ፣ ቢበዛ 10 ሚሊዮን ዶላር ይሰጠውና ለደመወዝ፣ ለኪራይና ለመብራት ያውለው ነበር።

የግል ነጋዴን ኪሳራ ግብር ከፋዩ ለምን ይሸፍናል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች የተዘጉት ተመልካች ጠልቷቸው ሳይሆን ለሕዝብ ጤና ሲባል ነው። በሩ ቢዘጋም ኪራዩ ይቆጥራል፤ ሁሉንም የጠቀመ ጥንቃቄ ወጪው በአንድ ዘርፍ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ሕጉም ቢሆን ልጓም ነበረው፦ እንደ ኤኤምሲ ያሉ፣ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ግዙፍ የሲኒማ ኩባንያዎች አልተካተቱም፤ 2 ቢሊዮን ዶላር ደግሞ ከ50 የማይበልጥ ሠራተኛ ላላቸው ተለይቶ ተቀመጠ። ገቢያቸው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያሽቆለቆለባቸውም ቅድሚያ አገኙ። የሚያስቆጨው አፈጻጸሙ ነው። የማመልከቻው ድረ ገጽ ኤፕሪል 8 ቀን 2021 በተከፈተበት ዕለት ተበላሽቶ ተዘጋ፤ ዳግም የተከፈተው ኤፕሪል 26 ነበር። ገቢው ለወራት ተቋርጦበት ለቆየ ባለ አንድ አዳራሽ ሲኒማ ቤት ያ መዘግየት ሌላ ያልተከፈለ ኪራይ ማለት ነው።