ቍስሉ ከዳነ በኋላ

ስለ አንጀትና ስለ ዐይነ ምድር በአደባባይ መናገር በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል። ይሁን እንጂ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉትም አባቶቻችን ናቸውና፥ ለዛሬ ነውሩን ትተን ጥቅሙን እንመልከት።

በ1886 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ አንጀታቸው አለመጠን ሰፍቶ ስለ ሞቱ ሁለት ሕፃናት በበርሊን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አስረዱ። በሽታውም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ፅንሱ በማኅፀን ሳለ አንጀትን የሚያዝዙት የነርቭ ሕዋሳት ከላይ ወደ ታች እየወረዱ በአንጀቱ ግድግዳ ይሰፍራሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን መንገዳቸውን ሳይጨርሱ ይቀራሉ። ነርቭ ያልደረሰበት ክፍል እንደ ተጨበጠ ስለሚቀር፥ ከበላዩ ያለው አንጀት ሰገራ እየተጠራቀመበት ይነፋል። በሽታው ከ5000 ሕፃናት በአንዱ ያህል ላይ ይገኛል፤ በወንዶችም ይበዛል። በተወለደ በ2 ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቍር ዐይነ ምድር ያላወጣ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት።

በ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር ኦርቫር ስዌንሰንና ባልደረባቸው ነርቭ የሌለውን ክፍል ቈርጦ በማውጣት ጤናማውን ወደ ታች ስቦ የመስፋትን ዘዴ በጽሑፍ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ቀዶ ጥገናው ብዙ ሕፃናትን ከሞት አድኗል።

ታዲያ ቍስሉ ሲድን ነገሩ ሁሉ ያበቃል ማለት አይደለም። ሰገራ የሚጠራቀምበት የአንጀት ክፍል አንዳንዱ ተቈርጧል፤ የፊንጢጣው መዝጊያ ጡንቻም እንደ ሌላው ሰው በጊዜው አይላላም። ስለዚህ ብዙዎቹ በደኅና ቢያድጉም፥ አንዳንዱን ድርቀት ያስቸግረዋል፤ አንዳንዱን ሳያስበው ያመልጠዋል። ዕድሜ ሲጨምር ችግሩ ለብዙዎች ይቀልላል፤ ለጥቂቶች ግን እስከ ጕልምስና ይከተላል። ትኵሳት፥ የሆድ መነፋትና ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ ከመጣ አንጀቱ ተቈጥቷልና ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ይገባል። በቀረው ጊዜ ሐኪም የሚያዝዘው ማለስለሻ፥ በቂ ውሃና ከምግብ በኋላ በተወሰነ ሰዓት የመቀመጥ ልማድ ይረዳሉ።

ከሕመሙ ይልቅ የሚከፋው ግን ዝምታው ነው። ልጁ ልብሱን ይደብቃል፤ በትምህርት ሰዓት እንዳያስቸግረው ቍርሱን ይተዋል። ወላጅ ስንፍና መስሎት ይቈጣል፤ አስተማሪውም ደጋግሞ ፈቃድ ሲጠይቅ ከትምህርት የሚሸሽ ይመስለዋል። ሲያድግም ከጓደኞቹ ይርቃል፤ የልጅነቱ ሐኪም ካሰናበተው ወዲህም ሌላ አይፈልግም።

አንባቢዎቻችን ነገ አስተማሪና የቢሮ ኀላፊ ትሆናላችሁ፤ ዛሬም የሆናችሁ አላችሁ። የመጸዳጃ ቤት ቍልፍ በእጃችሁ ከሆነ ክፈቱት፤ ለመውጣት የሚጠይቀውንም በሰው ፊት ምክንያቱን አትጠይቁት። ሕመሙን ለያዘውም ወጣት የምንለው ይህ ነው፤ ጠባሳህን ለሐኪም ከማሳየት አትፈር።