«ምጪ» ያለችው ልጅ

የእህቴ ልጅ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። እሑድ ዕለት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ አያቷን ከጓዳ ስትጠራ «እማማ፣ ምጪ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አያቷ «ነይ ነው የሚባለው፣ የኔ እናት» ብለው አረሟት። ትንሽ አሰበችና ደገመች፦ «ነይ ምጪ!»

ሳቁ ካለፈ በኋላ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። «ምጪ»ን ከማን ሰማችው? እዚያ ቤት ሰው ሲጠራ «ምጪ» የሚል የለም።

ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው ክልከላ ነው፦ አትንኪ፣ አትውጪ፣ አትሂጂ። ከፊቱ ያለውን «አት» ስታነሡለት ንኪ፣ ውጪ፣ ሂጂ ይሆናል። ታዲያ «አትምጪ» ካለ «ምጪ» የማይባልበት ምን ምክንያት አለ? ሒሳቧ ልክ ነው። ከመንገድ የወጣው አማርኛው ራሱ ነው፤ እዚህ ግስ ላይ ሲደርስ «ና፣ ነይ፣ ኑ» የሚል ከሌላ ሥር የመጣ ቃል ያቀብላል።

የሥነ ልቦና ሊቁ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ንግግር እንደ ማንኛውም ልማድ በማበረታቻ የሚያዝ ነገር ነው ብሎ ነበር። ኖም ቾምስኪ በ1959 ክፉኛ ተቸው። ችሎታው አብሮን የሚወለድ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ እኔም ልፈርድ አልደፍርም። ልጅ የሰማውን ብቻ ይደግማል የሚለው ግን «ምጪ» ፊት አይቆምም።

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት ለትንንሽ ልጆች የፈጠራ ፍጡር ሥዕል እያሳየች «ይህ ወግ ይባላል» አለቻቸው (የኛ ወግ ሌላ ነው፣ አትሳቁ)። ሁለት ሲሆኑስ? ልጆቹ ሰምተውት የማያውቁትን ቃል በእንግሊዝኛ ደንብ አበዙት።

እኔም የልጅቷን ወንድም ሞከርኩት፤ ስድስት ዓመቱ ነው። «አንድ ሰውዬ አለ፤ ትናንት ዘፈደ፣ ዛሬም ይዘፍዳል። ሰውዬው ምን ይባላል?» አልኩት። «ዘፋጅ» አለኝ፣ ከኳሱ ላይ ዓይኑን እንኳ ሳያነሳ።

«ድ» ወደ «ጅ» እንደሚለወጥ ማን ነገረው? ሰበረ፣ ጠበቀ፣ ለቀመ ያለ ችግር ሰባሪ፣ ጠባቂ፣ ለቃሚ ይሆናሉ። ወሰደ ግን ወሳጅ፣ ከፈተ ከፋች፣ ቆረጠ ቆራጭ፣ ለመነ ለማኝ፣ መለሰ መላሽ፣ ያዘ ያዥ፣ ገደለ ገዳይ። ሴትን ስታዝዙም ያው ነው፦ ውሰጂ፣ ክፈቺ፣ ቁረጪ። ይህን ደንብ ዘርዝሩ ብትባሉ አብዛኞቻችሁ ትደናገራላችሁ፤ ስትናገሩ ግን አንድም ቀን አትስቱትም።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው «ፖስት» የመጣውን «ፖሰተ»ን የሚጠሉ ወዳጆቼን አንድ ነገር ልበላቸው። «አማርኛችን ተበላሸ» ትላላችሁ። እስቲ ቃሉ ከገባ በኋላ የደረሰበትን እዩ፦ ፖስቷል፣ ይፖስታል፣ ተፖሰተ፣ አስፖሰተ፣ አትፖስቺ። ሥራው አድርጎ የያዘውን ሰው ስም አውጡለት ብትባሉ ደግሞ «ፖሳች» ትላላችሁ እንጂ «ፖሳቲ» አትሉም። ከፈተ ከፋች እንደሆነው ማለት ነው። በእኔ ግምት አማርኛ ቃሉን አላምጦ ውጦታል። ስለ መበላሸቱ የሚያማርር ሰው ራሱ ሲያማርር «ምን ያስፖስትሃል?» ይላል፤ አረባቡም አንድ እንከን የለበትም።

ቤታችሁ አምስት ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ካለ ዛሬ ማታ «ዘፈደ»ን ሞክሩበት። «ዘፋዲ» የሚል ካጋጠማችሁ ጻፉልኝ።