አፉን ያልፈታ ሕፃን በጊዜ ይታይ

«ቀኑ ሲደርስ ይናገራል» እየተባለ አፉን ሳይፈታ የሚቆይ ሕፃን በየመንደሩ አይታጣም። ዘግይቶ የሚናገር ጤነኛ ልጅ መኖሩ እርግጥ ነው። ሆኖም የዝምታው ምክንያት አለመስማት ከሆነ በመጠበቅ የሚባክነው የትምህርት ዘመኑ ነው።

ሕፃኑ በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዘወር ካላለ፣ በ1 ዓመት ከ6 ወሩ እንደ «እማ» ያሉ ጥቂት ቃላት ካላወጣ፣ በ2 ዓመቱ «ውኃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል ካላጣመረ ወይም ይናገረው የነበረውን ከተወ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ጆሮው መግል ከያዘ ነገ ዛሬ አይባልም። እንጥል ማስቆረጥ ግን ደም ያፈሳል እንጂ አፍ አያስፈታም።

በእርግዝና ጊዜ የሚደርስ ከባድ የአዮዲን እጥረትም የሕፃኑን መስማትና አእምሮ ስለሚጎዳ አዮዲን ያለበት ጨው መመገብ ይገባል። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህን በየስብሰባው ለአባላት ሊያስገነዝቡ ይገባል።