የአንድ ጥርስ ነገር፦ ከሐራ ሜዳ እስከ ድልብ አቀበት በሞተር ብስክሌት

ሐራ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው አገሩን በሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል። በስተምሥራቅ ሜዳው እየተዘረጋ፣ ሙቀቱም እየበረታ ወደ አፋር ይወርዳል፤ የጭፍራው መንገድ የሚሄደው በዚያ ነው። በስተምዕራብ ግን ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ወልድያ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከወልድያ በድልብ በኩል አቀበቱን ወጥቶ ወደ ላሊበላ የሚያልፈው መንገድ ደግሞ ጋሸና ሲደርስ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። የሐራ ስም በጋዜጣ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በ2007 ዓ.ም. ሥራው ከተጀመረውና ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ይደርሳል ከተባለው የባቡር ሐዲድ ጋር ነው። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ባቡር አይደለም። ባቡሩ በሌለበት ሰውንና ዕቃን ከቆላ ደጋ፣ ከደጋ ቆላ ስለሚያመላልሰው ስለ ሞተር ብስክሌት ነው።

ከመርሳ ግብርና ኮሌጅ ወጥቶ ገጠር የተመደበ ወጣት፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ክትባት ይዞ ወደ ቀበሌ የሚወጣው የጤና ሠራተኛ፣ እንዲሁም አንድ ኩንታል ማሽላ ከኋላው አስሮ ገበያ የሚደርስ ነጋዴ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት አቤቱታ አላቸው። ሞተሩ በሜዳው ላይ እንደ ወፍ ይበራል፤ አቀበቱ ሲጀምር ግን ያቃስታል። ሦስተኛ ማርሽ አልችልም ይላል፤ ሁለተኛ ሲያስገቡለት ደግሞ እየጮኸ በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳል። ነጂውም «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። እዚያ ሞተሩ ተፈትቶ ፒስተኑና ፋሻው ከተለወጠ፣ የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ከነአበሉ የት እንደ ገባ አይታወቅም። ሞተሩ በእውነት ደክሞ ከሆነ ወጪው ተገቢ ነው። ሆኖም ከመፈታቱ በፊት አንድ ቀላል ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም «የፊተኛው ጥርስ ስንት ነው?» የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የምታደርሰው ካቴና በሁለት ባለ ጥርስ መዘውሮች ላይ ትዞራለች። ትንሹ ከሞተሩ ወጥቶ ከፊት የተቀመጠው ነው፤ መካኒኮቻችን ከጣልያን በወረሱት ቃል ፒኞን ይሉታል። ትልቁ ከኋላ ጎማ ጋር የታሰረው ኮሮና ነው (ስሙ ከበሽታው ስም ጋር ቢገጥምም ከበሽታው በብዙ ዘመን ይቀድማል)። ለምሳሌ ያህል ፒኞኑ 14 ጥርስ፣ ኮሮናው 42 ጥርስ ቢኖረው፣ ፒኞኑ ሦስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቍጥሩ እንደ ሞተር ብስክሌቱ ዓይነት ይለያያል፤ ስሌቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ የኋላውን ለፊተኛው ማካፈል ብቻ ነው።

አሁን 14ቱን አውጥተን በምትኩ ባለ 13 ጥርስ ፒኞን እናግባ። 42 ለ13 ሲካፈል 3.23 ይሆናል። ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ከቀድሞው ይልቅ ከመቶ ስምንት ያህል አብልጦ መዞር አለበት፤ በዚያው ልክ ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ጉልበት ከመቶ ስምንት ያህል ይጨምራል። ድንጋይ በድጅኖ የፈነቀለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ድጅኖው በረዘመ ቍጥር ድንጋዩ ይቀልላል፣ እጅ የሚጓዘው መንገድ ግን ይረዝማል። ጥርስ መለወጥ ለሞተሩ አንዲት የፈረስ ጉልበት እንኳ አይጨምርለትም። ያለውን ጉልበት በፍጥነት ፈንታ በግፊት እንዲከፍል ያደርገዋል እንጂ።

ዋጋውም ወዲያው ይታያል። ሞተሩ በአንድ የተወሰነ ዙር በ14 ጥርስ 70 ኪሎሜትር በሰዓት ይሄድ ከነበረ፣ በ13 ጥርስ በዚያው ዙር 65 ብቻ ይሄዳል። በ15 ጥርስ ቢሆን 75 ይሆናል። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ ከመጨመር ጋር እኩል ለመሆን ምንም ያህል አይቀረውም፤ ምክንያቱም 45 ለ14 ሲካፈል 3.21 ነው። ስለዚህ በጥቂት ብር የምትገዛው ትንሿ ጥርስ ትልቁን ሥራ ትሠራለች።

ይህ ዘዴ በጣም የቆየ ነው። ዛሬ የምናውቃትን ባለ ጠርዝ ካቴና ሃንስ ሬኖልድ የተባለ መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር በማንችስተር የሠራት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ የብስክሌት ውድድር እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ ማርሽ በጉዞ ላይ መለወጥ የተከለከለ ነበር። ታዲያ ተወዳዳሪዎቹ ምን ያደርጉ ነበር ቢሉ፣ የኋላ ጎማቸው በግራና በቀኝ ሁለት ልዩ ልዩ ጥርስ ነበረው፤ ከተራራው ግርጌ ሲደርሱ ወርደው ጎማውን ይፈቱና አዙረው ያስሩታል። አቀበቱን በትልቁ ጥርስ ይወጣሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ ደግሞ እንደገና ፈተው ያዞሩታል። የሐራው ነጂ ከወልድያ ግርጌ ሲደርስ እንዲሁ ማድረግ ቢችል ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

አንባቢ ምናልባት «ፋብሪካው አስቦ ያደረገውን ጥርስ እኛ ለምን እንለውጣለን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ፋብሪካው ግን ያሰበው ስለ ሁሉም አገር ነው። በገበያችን የሚታዩት ሞተር ብስክሌቶች አብዛኞቹ ከህንድና ከቻይና የመጡ ናቸው፤ በእነዚያ አገሮች ደግሞ ብዙው ሕዝብ የሚኖረው በዝቅተኛው ሜዳ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር አየሩ ይሳሳል። በወልድያ ከፍታ ሞተሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር በባሕር ዳር ከሚስበው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው፤ በጋሸና ከፍታ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ይሆናል። አየር በጎደለ መጠን የሚቃጠለው ቤንዚን ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይጎድላል። በወረቀት ላይ 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ወልድያ ሲደርስ 8 ገደማ ይቀረዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ካርቡራተሩ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ነጂው የሞተር ድካም ነው ብሎ የሚያዝንለት ነገር ብዙ ጊዜ የአየር እጥረት ነው።

ሸክሙንም እናስላ። ሞተር ብስክሌቱ፣ ነጂውና ጭነቱ በአንድነት 250 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። መንገዱ በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ፣ አቀበቱ ብቻውን 25 ኪሎ በሚያህል ክብደት ወደ ኋላ ይጎትታል። ሦስተኛ ማርሽ 24 ኪሎ ብቻ መግፋት የሚችል ከሆነ ነጂው ሳይወድ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፤ ፍጥነቱም በአንድ ጊዜ ክፉኛ ይወድቃል። በ13 ጥርስ ግን ያው ሦስተኛ ማርሽ ወደ 26 ኪሎ ይገፋል፤ አቀበቱንም ይወጣዋል። እንግዲህ ከመቶ ስምንት የምትባለው ትንሽ ቍጥር በአንዳንድ ዳገት ላይ በመውጣትና ባለመውጣት መካከል የምትቆም ናት። በተለይ ጭኖ ከዳገት መካከል መነሣት ላለበት ሰው ጥቅሟ ይጐላል፤ ፍሪሲዮኑን ይዞ እያሸ፣ እያሸተተም የሚነሣበት ጊዜ ያጥርለታል።

በተማሪዎች ዘንድ ደግሞ የተገላቢጦሹ ፍቅር አለ። ባለ 15 ጥርስ አስገብቶ «የኔ መቶ ይገባል» ማለት ደስ ይላል። በሥሌቱ መሠረት እውነት ይመስላል፤ በመንገዱ ላይ ግን ነፋስ አለ። ሞተሩ ነፋሱን ገፍቶ የሚያልፍበት ጉልበት ከሌለው፣ በመጨረሻው ማርሽ የሚደርስበት ፍጥነት በ14 ጥርስ ይደርስበት ከነበረው ያንሳል፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ከአራተኛ ይልቅ አምስተኛ ማርሽ የሚያዘገይበት ጊዜም አለ። በዚህ ምክንያት ደጋ ላይ ጥርስ የቀነሰ ሰው ፍጥነቱ አልቀነሰብኝም፣ እንዲያውም ተሻለኝ ቢል ውሸታም አይባልም።

ይሁን እንጂ የ13 ጥርሷ ወዳጆች ዕዳዋንም ማወቅ አለባቸው። ከሐራ ወደ ጭፍራ ሜዳውን በቀትር ፀሐይ ለሚጓዝ ነጂ፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ከመቶ ስምንት አብልጦ ይዞራል። በአየር ብቻ የሚበርድ ሞተር ይህን በቆላ ሙቀት አይወደውም፤ ቤንዚንም በመጠኑ ይጨምራል። ካቴናዋም በትንሹ ጥርስ ላይ ስትዞር ይበልጥ ትታጠፋለች፤ ስለዚህ ቶሎ ታልቃለች። እንግዲህ ኑሮው በሜዳው ለሆነ ሰው ምክራችን ጥርሱን አይንካ የሚል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጭኖ ወደ ወልድያና ከዚያም በላይ ለሚወጣ ሰው ግን አንድ ጥርስ መቀነስ ተገቢ ነው እንላለን። ሁለት ጥርስ መቀነስ ከትርፉ ኪሳራው ይበልጣል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። አቀበቱ የቀለለለት ሰው ጭነት መጨመር ይጀምራል። አንድ ሰው ያፈናጥጥ የነበረው ሁለት ያፈናጥጣል፤ በኩንታሉ ላይ ጀሪካን ይደርባል። የወጣው ሁሉ ደግሞ መውረድ አለበት። ፒኞኑ በተለወጠ ጊዜ ፍሬኑ አልተለወጠም፤ ያው የቀድሞው ፍሬን ነው። በቁልቁለት ማርሽ ሳያወጡ በሞተሩ መያዝ በ13 ጥርስ ከቀድሞው በዚያው ከመቶ ስምንት ይሻላል፤ ይህ ትንሽ በረከት ነው። በድልብ ቁልቁለት ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ ያጋለ ነጂ ግን በዚያች ስምንት አይድንም። የሚጫነው ክብደት በመመሪያው መጽሐፍ ከተጻፈው ማለፍ የለበትም፤ ጥርስ ቢለወጥም ባይለወጥም።

ሥራውን በጋራዥ ለሚያሠራ ሰው ቆሞ ማየት የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። አዲሱ ፒኞን ከካቴናዋ ቍጥር ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ባለ 428 ካቴና ከባለ 520 ጥርስ ጋር አትገባም። አሮጌዎቹ ጥርሶች ጫፋቸው እንደ ማጭድ ከታጠፈ ፒኞኑን ብቻ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው፤ ሦስቱም፣ ፒኞን፣ ኮሮናና ካቴና፣ በአንድነት ይለወጣሉ። ለመመርመር ካቴናዋን ከኮሮናው ከኋላ ጫፍ በጣት ስቦ ማየት ነው፤ ከጥርሱ ቁመት እኩሌታ በላይ ከተነሣች ዘመኗ አልቋል። ባለ 13 ጥርስ ጎዶሎ ቍጥር መሆኑም አንድ ጥቅም አለው፤ የካቴናዋ ቀለበቶች ሙሉ ቍጥር ስለሆኑ እያንዳንዱ ጥርስ ሰፊውንና ጠባቡን ቀለበት እየተፈራረቀ ያገኛል፣ መበላቱም እኩል ይሆናል።

አንድ ጥርስ ሲቀነስ ካቴናዋ ትላላለች፤ ስለዚህ የኋላ ጎማው ትንሽ ወደ ኋላ ይሳባል። በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ጎማው ጠማማ ይሄዳል። ካቴናዋ እንደ ክራር አውታር መወጠር የለባትም፤ ለአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ከመካከል ወደ ላይና ወደ ታች ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲሜትር መንቀሳቀስ አለባት፤ ትክክለኛው ልክ በመመሪያው መጽሐፍ አለ።

ከዚህ ሁሉ ጥብቅ የሆነው የማያያዣዋ ቀለበት መቆለፊያ ነው። ዓሣ የምትመስል ቀጭን ብረት ናት። ራሷ፣ ማለት ዝግ የሆነው ጫፏ፣ ካቴናዋ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ማየት አለበት፤ የተከፈለው ጅራቷ ወደ ኋላ ይሆናል። ተገልብጣ ከገባች ድንጋይ ወይም እሾህ ነክቷት ልትወልቅ ትችላለች፤ ካቴናዋም ተበጥሳ በጎማው ውስጥ ብትጠመጠም ጎማው በአንድ ጊዜ ይቆማል። ሥራው ካለቀ በኋላ ጎንበስ ብሎ ይህችን ዓሣ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የመሥሪያ ቤት ሞተር ብስክሌት የያዘ ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ዳገት አለበት፤ የንብረት ክፍሉ። መዝገብ ላይ ያለን ዕቃ ያለ ፈቃድ መለወጥ በኋላ ሲረካከቡ ጣጣ ያመጣል፤ በአንድ ገጽ ማመልከቻ ከነምክንያቱና ከነስሌቱ ማቅረብ ይሻላል፤ ስሌቱንም ከዚህ ገጽ መገልበጥ ይችላል። የወጣውን ባለ 14 ጥርስ ፒኞንም መጣል አይገባም። ዘይት በነካው ጨርቅ ጠቅሎ ከመሣሪያዎቹ ጋር ያኑረው፤ በሚመጣው ዓመት ወደ ቆቦ ሜዳ ቢዛወር ያስፈልገዋልና።